ራስ ምታቴን ትተው ስለ ማዛጋቴ የጠየቁኝ ሐኪም

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው ለአንዲት የነርቭ ሐኪም እና አብራቸው ለምትሠራው ነርስ። ጥቆማው ደግሞ ማይግሬን ይዟችሁ፣ ከሕመሙ ሌላ "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?" የሚያሰኙ ነገሮች ግራ ላጋቧችሁ ሁሉ።

ስማቸውን አልጽፍም። አስፈቅጃቸው ነበር፤ "የኔን ስም ከምትለጥፊ ምልክቶቹን ጻፊላቸው" አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ስም የሌለው ጥቆማ ምን ያደርግልናል የምትሉ አትጠፉም። እሳቸውን ባታገኙ እንኳ እንደ እሳቸው ያለ ሐኪም በምን እንደሚለይ ከጽሁፉ ታገኙታላችሁ ብዬ አስባለሁ።

ማይግሬን ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ሲገባ የሚጠየቀውን በቃሉ ያውቀዋል። የት ጋ ነው የሚያምሽ? በአንድ ወገን ነው? ይመታል ወይስ ጨምድዶ ይይዛል? ብርሃን ይረብሽሻል? ያስመልስሻል? ጥያቄዎቹ ልክ ናቸው፤ እሳቸውም ጠይቀውኛል። ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። "እስቲ ሕመሙን ለጊዜው እንተወው። ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን ምን ምን ትሆኛለሽ?" አሉኝ። "ምንም" ልል ስል፣ "ታዛጊያለሽ?" አሉኝ።

አዎ፣ አዛጋለሁ! ጠግቤ ተኝቼ ባደርኩበት ቀን እንኳ መንጋጋዬ እስኪላቀቅ የማዛጋበት ጊዜ አለ። ግን ማዛጋት ለሐኪም ይነገራል? እሳቸው ቀጠሉ። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብሻል? አንገትሽን ይይዝሻል? ያለ ምክንያት ትነጫነጫለሽ? ጣፋጭ ያምርሻል? አዎ፣ አዎ፣ አዎ እያልኩ ሄድኩ። እቤቴ ገብተው አብረውኝ የኖሩ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ አስረዱኝ። ማይግሬን ራስ ምታት ብቻ አይደለም። አንጎል የሚያልፍበት ረጅም ሂደት ነው፤ ሕመሙ የዚያ ሂደት አንዱ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ላይ ሕመሙ ከመምጣቱ ከሰዓታት በፊት፣ አንዳንዴም እስከ 2 ቀን ቀደም ብሎ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ሥራው እንደሚለዋወጥ በአንጎል ምስል ታይቷል። እንቅልፍን፣ ረሃብንና ጥማትን በመቆጣጠር ትልቅ ድርሻ ያለው ይኸው ክፍል ነው። ታዲያ ማዛጋቱም አምሮቱም ንጭንጩም ከዚያ ቢነሳ ምን ይገርማል?

አምሮቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን በጣም ያስደነቀኝ እሱ ነው። "ጣፋጭ በላሁ፣ ከዚያ አመመኝ፤ ስለዚህ የሚያስነሳብኝ ጣፋጭ ነው" ብሎ ያልደመደመ የማይግሬን ታማሚ ያለ አይመስለኝም። ዶክተር ነገሩን ገለበጡት። ጣፋጩ ያማረሽ ማይግሬኑ ቀድሞ ስለጀመረ ሊሆን ይችላል አሉኝ። አንገትም እንደዚያው ነው። አንገቴ ስለተያዘ ራሴን አመመኝ ብለን ትራስ ስንቀያይር፣ ስንታሽ እንከርማለን። ብዙ ጊዜ ግን የአንገቱ መያዝ ራሱ የማይግሬኑ ምልክት ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ማዛጋቱና አንገቴ ሲገጣጠሙ ከባድ ሥራዬን ቶሎ እጨርሳለሁ፣ መድኃኒቴን ቦርሳዬ ውስጥ አደርጋለሁ። ማስጠንቀቂያ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ኦራ የሚባለው ነው። ሁሉም ታማሚ ላይ አይመጣም፤ እኔ ላይ ይመጣል። በማነበው ጽሁፍ መሃል አንዲት ትንሽ ቦታ ትጠፋለች። ቀጥሎ በዙሪያዋ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ፣ የሚብለጨለጭ መስመር ይወጣና ቀስ እያለ ይሰፋል። ዓይኔን ብጨፍንም አይጠፋም፤ የሚመጣው ከዓይን ሳይሆን ከአንጎል ነዋ። ከዚያ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። መደንዘዙ በክንዴ ወጥቶ ከንፈሬና ምላሴ ላይ ይደርሳል። አንዳንዴ ቃል ይጠፋኛል። ማንኪያ አቀብሉኝ ለማለት "ያቺን... ያቺን" እያልኩ እቀራለሁ። አጠገቤ ያለ ሰው ሲስቅ እኔ በውስጤ "አለቀልኝ፣ ስትሮክ ነው" እላለሁ።

ዶክተር ወረቀት አውጥተው አንጎል ሣሉልኝ። እ.ኤ.አ. በ1941 ካርል ላሽሊ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የገዛ ራሱን ኦራ በየደቂቃው እየሣለ ተከታትሎ ነበር አሉኝ። ከሥዕሎቹ ተነስቶ፣ አንድ ነገር በአንጎል ቅርፊት ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተጓዘ መሆን አለበት ብሎ አሰላ። በ1944 ደግሞ አሪስቲደስ ሌያው የተባለ ብራዚላዊ ሳይንቲስት፣ በጥንቸሎች አንጎል ላይ በዚያው በዝግታ የሚዛመት የነርቭ ሥራ መዳከም ማግኘቱን አሳተመ። ይህ እንደ ማዕበል የሚጓዝ ነገር የማየት ሥራ ያለበትን የአንጎል ክፍል ሲያልፍ ብልጭታ፣ የስሜቱን ክፍል ሲያልፍ መደንዘዝ ይመጣል። ይህን ካየሁ በኋላ ፍርሃቴ ግማሽ ሄደ። አሁን ብልጭታው ሲመጣ ሰዓቴን አያለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።

እዚህ ላይ ግን ዶክተር ድምፃቸውን ጠበቅ አድርገው የነገሩኝን ሳልጽፍ አላልፍም። ኦራ ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይስፋፋል፤ እያንዳንዱ ምልክት ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይና ይለቃል። ስትሮክ ግን አብዛኛውን ጊዜ በድንገት ነው የሚጥለው። ቢሆንም መጀመሪያ ጊዜ ሲመጣባችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ "ማይግሬን ይሆናል" ብላችሁ አትገምቱ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የሚነካ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የመጣ፣ የአንድ ወገን ሰውነት መዛል ያለበት፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ፣ በእርግዝና ወቅት የተነሳ አዲስ ወይም ለየት ያለ ራስ ምታትም እንደዚሁ ለነገ አይባልም።

ሌሎቹን ምልክቶች ደግሞ ሳይጠይቁኝ በፊት የማይግሬን ናቸው ብዬ አላስብም ነበር። ፀጉሬን ማበጠር ያመኛል። የጆሮ ጌጥ፣ መነጽር፣ ትራስ ሳይቀር ቆዳዬን ያቆስለኛል፤ የሚነካ ነገር ሁሉ ሕመም ይሆናል። ይህም የታወቀ ምልክት ነው። ሕመሙ ቆይቶ ነርቮቹ ከልክ በላይ ሲነቁ የሚመጣ ነው። ሽታ ደግሞ አይወራ! ሌላው ሰው የማይሰማው ሽቶ እኔን ከክፍል ያስወጣኛል።

አፍንጫዬ ይታፈናል፣ ዓይኔ ያለቅሳል። በዚህ የተነሳ ከዚህ በፊት ያየኝ ሌላ ሐኪም "ሳይነስ ነው" ብሎ ደጋግሞ አንቲባዮቲክ አዞልኛል። ብዙዎቻችሁ ላይ ይህ እንደደረሰ አልጠራጠርም። ሕመሙን የሚያስተላልፈው ትሪጀሚናል የተባለው የፊት ነርቭ ሲነሳሳ እንባና የአፍንጫ መታፈንም አብረው ሊመጡ ይችላሉ። መሬቱ የሚዞርብኝ ጊዜም አለ፤ ራሴን ሳያመኝ ዝም ብሎ መዞር ብቻ። ለካ ያለ ሕመም የሚመጣ የማዞር ማይግሬንም አለ።

ሆድስ? ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራ ሥራውን ሊያዘገይ ይችላል። የዋጥኩት ኪኒን እዚያው ቁጭ ይላል ማለት ነው። ለካ መድኃኒቱ "አልሠራም" የሚባለው አንዳንዴ ስላልደረሰ ነው! ለዚህ ሲሉ ዶክተር ማስታወክ የሚከላከል መድኃኒት ጨመሩልኝ፤ ማስታገሻውንም ሕመሙ ሳይበረታ በጊዜ እንድወስድ ነገሩኝ።

ከዚያ ሕመሙ ሲለቅ ያለው ቀን አለ። ሰው "ተሻለሽ አይደል?" ይላል። ተሽሎኛል፣ ግን ጭንቅላቴ ጉም ነው። ያነበብኩት አይገባኝም፣ ደረጃ መውጣት ያደክመኛል። ዶክተር ለመሥሪያ ቤቴ በጻፉልኝ ወረቀት ላይ ይህን ቀንም አካተውት ሳይ እንባዬ መጣ። አስመስላ ነው የሚሉኝ ሰዎች ጋር ለመከራከር አቅም ያልነበረኝን ነገር በሁለት መስመር ጨረሱልኝ።

ወደ ሲስተር ልምጣ። ዶክተር ሥር የሰደደ ማይግሬን የሚባለው ምን እንደሆነ ነግረውኝ ነበር፤ ከ3 ወር በላይ በየወሩ 15 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ራስ ምታት ሲኖር፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ቀን የማይግሬን ጠባይ ሲኖረው ነው። ይህን ማን በቃሉ ቆጥሮ ያውቃል? ሲስተር ነች ያስቆጠረችኝ። የቀን መቁጠሪያ የመሰለ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ሕመም፣ ሌላ ምልክት፣ የወሰድኩት መድኃኒት፣ በቃ። "ድርሰት አትጻፊ፣ ምልክት ብቻ አድርጊ፤ ድርሰት የምትጽፍ ሰው በሳምንቷ ትተወዋለች" አለችኝ። አውቃብኛለች።

የመድኃኒቱን ዓምድ በቀይ ነው የምታየው። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን የሚባለው የማይግሬን ማስታገሻ ወይም ቅልቅል ማስታገሻ ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። በኪኒኑ ብዛት ሳይሆን በቀኑ ነው የሚቆጠረው። ሲስተር ይህን የምትናገረው ሳትቆጣ ነው። ታማሚ ሲያመው መድኃኒት መዋጡ ጥፋት የሆነበት ያህል የሚያስተናግዱ ቦታዎች ስላሉ፣ ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሕክምናውን በተመለከተ ዶክተር ያሉትን አማራጮች ሁሉ ዘረዘሩልኝ። ለደም ግፊት፣ ለድብርት፣ ለሚጥል በሽታ የወጡ፣ ግን ማይግሬን የሚከላከሉ አሮጌ መድኃኒቶች አሉ፤ ፕሮፕራኖሎል፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ቶፒራሜት። ቦቶክስም አለ። ግንባር፣ የራስ ጎንና ጎን፣ ማጅራትና ትከሻ ላይ 31 ቦታ እየተወጋ በየ12 ሳምንቱ ይሰጣል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሲጂአርፒ የሚባለውን ኬሚካል የሚያግዱ፣ በቀጥታ ለማይግሬን መከላከያ ተብለው የተሠሩ መርፌዎች መጥተዋል። "የቱ ይሻለኛል?" ስላቸው ከአሮጌዎቹ እንጀምር አሉ። ቶፒራሜት ሲያዙልኝ አስቀድመው "ጣቶችሽን ይወርሻል፣ ጋዝ ያለው መጠጥ ጣዕሙ ይለወጥብሻል፣ ቃልም ሊጠፋሽ ይችላል፤ አትደንግጪ፣ ግን ደውዪ" ብለውኛል። ሁሉም ባይሆን ሁለቱ ደረሱብኝ፤ አልደነገጥኩም። ደግሞ ለመውለድ ማሰቤን ጠየቁኝ፤ መድኃኒቱ ለጽንስ አደገኛ ስለሆነ። የምወስደውን የወሊድ መከላከያ ዓይነትም ጠየቁኝ፤ ኦራ ያለባት ሴት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበትን ስትወስድ የስትሮክ ስጋቷ ይጨምራል። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያልጠየቀ ሐኪም ካጋጠማችሁ ራሳችሁ አንሱለት።

አልዳንኩም። ይህን ግልጽ ላድርግ፤ "ፈወሱኝ" ብዬ ብጽፍ ዶክተር ራሳቸው ይቆጡኛል። ማይግሬኑ አሁንም ይመጣል። ግን ቀኖቹ ቀንሰዋል፣ ሲመጣም አውቀዋለሁ።

ነቀፌታ የሌለበት ጥቆማ አይታመንምና እሱንም ልበል። ቀጠሮ ሰዓታቸውን አይጠብቁም። አንዱን ታማሚ በደንብ ሲጠይቁ ቀጣዩ ይጠብቃል፤ መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱ እንዳልል፣ ራሱን የሚያመው ሰው ምን ያነባል? በስልክ መድኃኒት ለውጡልኝ ብትሏቸው አይሰሟችሁም። እንዲያውም አንዳንድ ሰው "ይደርቃሉ" ይላቸዋል። እኔ አልተስማማሁም፣ ግን ለሁሉም ሰው የሚሆኑ ላይሆኑ ይችላሉ።

ወደ የትኛውም ሐኪም ስትሄዱ የወሰዳችሁትን መድኃኒት በሙሉ ከነቀኑ ጻፉ፤ ያለ ማዘዣ የገዛችሁትንም ጨምራችሁ። ከሕመሙ በፊትና በኋላ የሚሰማችሁን፣ ያፈራችሁበትን ሳይቀር ንገሩ። ሐኪሙ ስለ ሕመሙ ብቻ ጠይቆ ብዕሩን ከከደነ፣ "ዶክተር፣ ሌላም አለ" በሉ። ሲነገረው ብዕሩን መልሶ የሚከፍት ከሆነ፣ ያዙት።

ዶክተር፣ እንዳሉኝ ምልክቶቹን ጽፌያለሁ፤ የቀረ ካለ በቀጠሮዬ ቀን ይንገሩኝና እጨምራለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተርዬ፣ የዚህን ወር ወረቀት ሞልቻለሁ፣ ድርሰት የለበትም።