ዊንዶውስ 11፦ ሾልኮ የወጣው ቅጂ ወይስ ይፋዊው መግለጫ?

እ.ኤ.አ. በጁን 2021 የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት የሆነው የዊንዶውስ 11 የሙከራ ቅጂ ከይፋዊው መግለጫ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ሾልኮ ወጣ። የስታርት ምልክት ከግራ ጥግ ወደ መሀል መምጣቱን፣ የመስኮቶቹ ማዕዘኖች ክብ መሆናቸውን ያሳየው በትክክል ነበር። ለዓይን ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ለኪስ የሚጠቅመው ወሬ ግን የመጣው ከአምራቹ ኩባንያ ከማይክሮሶፍት ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ግድ እንደሚሆን፣ ያለ እንከን የሚሠሩ ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮችም መስፈርቱን እንደማያሟሉ በሰፊው የታወቀው ከጁን 24ቱ መግለጫ በኋላ ነው። ስለ መልኩ ለማወቅ ለጓጓ ሰው ሾልኮ የወጣው ይበቃው ነበር። ኮምፒውተር ሊገዛ ላሰበ ግን፣ እስከ መግለጫው ቀን መታገሥ ይሻለው ነበር እላለሁ። ቅጂውን አውርዶ መጫንማ ፈጽሞ የሚመከር አልነበረም፤ በዚያው ሰሞን ጎጂ ሶፍትዌር የተደበቀባቸው ሐሰተኛ መጫኛዎች ተሰራጭተው ነበር።