ወገን፣ «ዶሚኖ»ን «እውነተኛ ታሪክ» ብላችሁ እንዳትገዙ

ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው አርብ ማታ ከአንድ የኦንላይን ፊልም መሸጫ «ዶሚኖ» የሚባለውን በፈረንጆች 2005 የወጣ ፊልም 14.99 ዶላር ከፍዬ ገዛሁ። ተበላሁ። እናንተም እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

ከፖስተሩ ስር ያለው ማስታወቂያ የታዋቂ ተዋናይ ልጅ ሆና ሳለ ሞዴልነቱን ጥላ ባውንቲ ሀንተር (በዋስ ወጥቶ የጠፋን ሰው አሳዶ የሚይዝ) ስለሆነች ሴት ያወራል፣ ደግሞ «እውነተኛ ታሪክ» ይላል። ይህን አንብቦ ማን ያልፋል? እኔ አላለፍኩም። ትሬይለሩን እንኳ ሳላይ «ግዛ» የሚለውን ተጫንኩት። ቆሎ ተቆላ፣ እህቴን ጠራኋት፣ መብራት አጠፋን።

ፊልሙ ሲጀምር «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ «ማለት... በመጠኑ» ዓይነት ነገር ይጨምርበታል። እነሱ እንኳ አልዋሹም፣ በቀልድ ነግረውናል። የዋሸው መሸጫው ነው፣ ያቺን ሁለተኛዋን ቃል ቆርጦ ጥሎ ሸጠልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው። ዳይሬክተሩ ቶኒ ስኮት ነው፣ ጎበዝ ሰው ነበር፣ ግን እዚህ ላይ እጁን የሚይዘው ሰው ያጣ ይመስላል። ሁሉ ነገር ቢጫና አረንጓዴ ነው። ካሜራው አንድ ቦታ አይቆምም፣ ምስል በምስል ላይ ይደረባል፣ ተዋናዩ የተናገረው ቃል ያስተጋባል፣ አልፎ ተርፎ ያው ቃል በትልቁ ተጽፎ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ያልሰማን መስሏቸው ነው መሰለኝ። ግማሽ ሰዓት ላይ ዓይኔ ውስጥ ሚጥሚጣ የገባ መሰለኝ። እህቴ ሌሊቱን ሥራ ላይ ያደረች ሰው ናት፣ እሷ ገና በጊዜ ነው የተኛችው። ብልህ ናት።

ታሪኩን ልንገራችሁ ብል እኔም አልችልም። 10 ሚሊዮን ዶላር ይዘረፋል፣ ማፊያ አለ፣ ኤፍቢአይ አለ፣ ላስ ቬጋስ ላይ ፍንዳታ አለ። ይባስ ብሎ «ቤቨርሊ ሂልስ 90210» የሚባለው የቲቪ ድራማ ላይ የነበሩት ኢያን ዚሪንግና ብራያን ኦስቲን ግሪን ራሳቸውን ሆነው ይመጣሉ። ዶሚኖን ሆና የምትጫወተው ኪራ ናይትሊ የምትችለውን አድርጋለች፣ ሲጋራዋንና ጠመንጃዋን ይዛ። ሚኪ ሩርክ ደግሞ በእውነት ያምራል፣ እሱን አልነካም። ግን የሰውየው ፊት ላይ ሁለት ሰከንድ ቆይ ብትሉት ካሜራው አይሰማም።

እኔን ያናደደኝ ግን ይሄ አይደለም። በነጋታው ስለ እውነተኛዋ ዶሚኖ ሃርቪ ሳነብ ነው የተናደድኩት። አባቷ ላውረንስ ሃርቪ የታወቀ ተዋናይ ነበር፣ ገና ሕፃን ሳለች ሞተባት። እናቷ ሞዴል ነበረች። ልጅቷ ራሷ ሞዴል ነበረች ወይ የሚለው እንኳ የሚያከራክር ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በዋስ ወጥተው የጠፉ ሰዎችን እያሳደደች ትይዝ ነበር። ከዚያ ዕፅ ያዛት።

ይህ ሥራ እንዴት እንደሆነ ለማታውቁት በአጭሩ፦ አሜሪካ ውስጥ ዋስ ዘመድ አይደለም፣ ነጋዴ ነው። ፍርድ ቤቱ 20,000 ዶላር አስይዝ ካለ፣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ 10 በመቶውን፣ 2,000 ዶላር፣ ለዋሱ ነጋዴ ይከፍላል። ያ ገንዘብ አይመለስም። ሰውየው ከጠፋ ግን ሙሉውን 20,000 የሚከፍለው ነጋዴው ነው። ስለዚህ የሚፈልግ ሰው ይልካል። ባውንቲ ሀንተር ማለት ያ የሚላከው ነው። ሁሉም ስቴት ግን አይፈቅድም፣ ለምሳሌ ኬንታኪና ኢሊኖይ የዋስ ንግድ የለም።

አሁን ይህን ስሙ። ዶሚኖ ሃርቪ በሰኔ 2005 በ35 ዓመቷ ስትሞት፣ ራሷ በዕፅ ክስ ተከሳ፣ ራሷ በዋስ ወጥታ፣ ቤቷ ውስጥ በቁም እስር ላይ ነበረች። ዌስት ሆሊውድ ቤቷ፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነው የተገኘችው። ገዳዩ ፈንታኒል የሚባል በጣም ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ነው። ፊልሙ ሲኒማ የገባው ጥቅምት ላይ ነው፣ አራት ወር እንኳ አልሞላም። በዋስ የወጣ ሰው ስታሳድድ የኖረች ሴት በዋስ ላይ ሆና ሞተች! ይህን ለእህቴ ቡና ላይ ነገርኳት፣ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ እና ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ። ፊልሙ ውስጥ ግን ይህ የለም። መጨረሻ ላይ የእውነተኛዋን ዶሚኖ ፊት ለአፍታ ያሳዩናል፣ ለእሷ መታሰቢያም ይላል፣ በቃ። ከሁለት ሰዓት ውስጥ ቀልቤን የያዘችው ያቺ አፍታ ናት።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ሪፈንድ ጠየቅኩ፣ «ማየት ስለጀመሩ አንመልስም» አሉኝ። «ማስታወቂያችሁ ልክ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ፣ ያንኑ መልስ ገልብጠው ላኩልኝ። ለካ «ግዛ» የሚለው ቁልፍም ግዢ አይደለም። የሚሰጣችሁ የማየት ፈቃድ ነው፣ መሸጫው የፊልሙን መብት ካጣ ከእናንተም ሊጠፋ ይችላል። ካሊፎርኒያ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ሻጮች ይህን በግልጽ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዳለች። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ማንም ምንም አላለኝም።

የቶኒ ስኮትን ስታይል የምትወዱ ካላችሁ አልከለክልም፣ አንዳንዱ ሰው ለዚህ ፊልም ይሞታል። ግን ተከራዩት፣ አትግዙት። ኪራዩ ከአራት ዶላር ብዙም አይዘልም። ሲከራዩ ደግሞ ሰዓቱን እዩ። ብዙዎቹ ለመጀመር 30 ቀን ይሰጣሉ፣ አንዴ ከጀመራችሁ ግን 48 ሰዓት ብቻ ነው። «ቅምሻ ልይ» ብላችሁ ሰኞ ከነካችሁት ቅዳሜ የለም። መጀመሪያ ትሬይለሩን እዩ፣ ነጻ ነው። ሁለት ደቂቃ ዓይናችሁ ከቻለው ሁለት ሰዓቱንም ይችል ይሆናል።

ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ፣ የማስታወቂያውን ፎቶ አያይዤ። መልስ ከመጣ እዚሁ እጨምራለሁ።