ለአሮጌው መርሴዲስ እግር የቱን እንግዛ? ኦሪጂናል፣ ኦኢኤም፣ ርካሽ ወይስ ያገለገለ

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ግቢያችን የቆመው አሮጌ መርሴዲስ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው። ሞተሩ በጊዜው ዘይት ካገኘ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው እግሩ (መኪናውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውና ንቅናቄውን የሚያበርደው ክፍል) ነው። ኮረኮንቹን፣ ቀለም ያልተቀባውን ጉብታ፣ ክረምት ላይ በውሃ የተሸፈነውን ጉድጓድ ሁሉ የሚችለው እሱ ነውና።

እዚህ የማነጻጽረው በዋናነት ለደብልዩ 211 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 የተመረተው ኢ ክላስ ማለት ነው። አንዱ በብረት ሞላ፣ ሌላው ኤርማቲክ በሚባለው የአየር እግር ስለሚመጣ ሁለቱንም በአንድ ሞዴል ላይ ማየት ይቻላል። ከእሱ በፊት የነበሩትን ደብልዩ 124 ወይም ደብልዩ 210 የያዛችሁም ብዙው ነገር ይመለከታችኋል።

ከመግዛት በፊት

ጋራዥ ገብታችሁ «ይንኳኳል» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ መልስ «ሾክ ይቀየር» ነው፤ ሾክ የመኪናውን ውዝዋዜ የሚያረጋው ቱቦ ነው። አራት ሾክ ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ መንኳኳቱ እዚያው ሲቀር አይቻለሁ። ጥፋተኛው የስታቢላይዘር ሊንክ፣ ማለትም መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዘውን ዘንግ ከእግሩ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ዕቃ ነበር። ከእግር ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፣ ለመቀየርም ደቂቃዎች ይበቁታል።

ስለዚህ ድምፁን ለዩ። ድንጋይ ንጣፍ ላይ በዝግታ ስትሄዱ ቀጭን ኳ-ኳ-ኳ ከሰማችሁ መጀመሪያ ሊንኩን ጠርጥሩ። ፍሬን ስትይዙ አንዴ ብቻ «ድም» የሚል ከሆነ የብራቾ (ጎማውን የሚይዘው የብረት ክንድ) ቡሽ፣ ማለትም መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ ነው። ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ ሲጥ-ሲጥ ካለ ቦል ጆይንት (ጎማው እንዲዞር የሚያስችለው ኳስ መሰል መጋጠሚያ) ወይም የላይኛው የሾክ መቀመጫ ይሆናል። ጉብታ ካለፈ በኋላ መኪናው ቶሎ ሳይረጋ ደጋግሞ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን አዎ፣ ያኔ ሾክ ነው። ዘይት አርጥቦት ካገኛችሁትም ጥርጣሬ አይኖርም።

ጎማውም ይናገራል። በመዳፋችሁ ዙሪያውን ዳስሱት። ወጣ ገባ ሆኖ ከተበላ ሾኩ ጎማውን መሬት ላይ መያዝ አቅቶታል። የውስጥ ጠርዙ ብቻ ከተበላ ቡሽ አልቋል ወይም ሞላ ወርዷል። ከዚያ በክሪክ አስነሡና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። መካኒኩ ደግሞ ረጅም ካቻቢቴ ቡሹ ላይ አስገብቶ ይግፋው። ላስቲኩ ከብረቱ ተላቆ ስንጥቁ ከታየ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ደብልዩ 210 ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የፊት ሞላው የላይኛ መቀመጫ በብየዳ የተያያዘ ነው፣ ዝገት ሲበላውም ይገነጠላል። በተለይ በረዶ ላይ ጨው ከሚበተንበት አገር የመጣ መኪና ከሆነ፣ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ባትሪ አብርታችሁ እዩ። መቀመጫው ከበሰበሰ አዲስ ሞላ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አራቱ ምርጫዎች

ኦሪጂናል የምንለው በባለ ኮከቡ ካርቶን የሚመጣው ነው። ውድ ነው። ጥቅሙ ምንም ሳታስቡ መግጠማችሁ ነው። ግን መርሴዲስ ቡሽና ሾክ ራሱ አያመርትም። ከሌሎች ፋብሪካዎች ያሠራና የራሱን ካርቶን ያለብሰዋል።

ኦኢኤም የሚባለው እነዚሁ ፋብሪካዎች በራሳቸው ስም የሚሸጡት ዕቃ ነው። ሌምፎርደር፣ ሳክስ፣ ቢልሽታይን ለመርሴዲስ ያቀረቡ ናቸው፤ ሌምፎርደርና ሳክስ ዛሬ ሁለቱም ዜድኤፍ በሚባለው የጀርመን ድርጅት ሥር ናቸው። በራሳቸው ካርቶን ሲሸጡት ከኦሪጂናሉ ይረክሳል። የሌምፎርደር ብራቾ ገዝታችሁ ብረቱን ብታገላብጡት አንዳንዴ በመሞረጃ የተፋቀች ትንሽ ቦታ ታገኛላችሁ። ኮከቧ የነበረችበት ነው። ይህን ያየ ሰው ለካርቶኑ ብቻ ተጨማሪ መክፈል ይከብደዋል። የእኔም ምርጫ ይኸው ነው፤ ለቡሽ፣ ለቦል ጆይንትና ለሾክ ኦኢኤም።

ሱቅ ውስጥ በየቀኑ የሚያምታታ አንድ ነገር አለ። ቢልሽታይን እና ፌቢ ቢልሽታይን አንድ አይደሉም። ሁለቱም ኤኔፔታል ከምትባል የጀርመን ከተማ ናቸው፣ ግን የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። በሾክ ስም ያተረፈው የመጀመሪያው ነው። ፌቢ ከቡሽ እስከ ውሃ ፓምፕ ሁሉንም የሚያቀርብ ነው። መጥፎ አይደለም፣ ለሊንክና ለመሳሰለው እገዛዋለሁ። ሻጩ «ቢልሽታይን ነው» ብሎ የሾክ ዋጋ ከጠራባችሁ ግን ካርቶኑን አዙራችሁ አንብቡ። የሾክ ቢልሽታይን ሲገኝም ቢ4 እና ቢ6 ይለያያሉ። ቢ4 ፋብሪካው ከገጠመው ጋር ይቀራረባል። ቢ6 ጠንከር ያለ፣ ፈጣን አነዳድ ለሚወድ ነው። ለእኛ መንገድ ቢ4 ይሻላል። ኢ ክላስ የተገዛው ለምቾት አይደል እንዴ?

ርካሹ ሦስተኛው ነው። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ብራንድ፣ ወይም የታወቀ ብራንድ ካርቶን ውስጥ የገባ ፎርጅድ። ፎርጅዱን የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ኅትመቱ ነው። ፊደሉ የደበዘዘ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ዕቃው ላይ ከተቀረጸው የማይገጥም። ርካሽ ሊንክ ብትገጥሙ ከጥቂት ወር በኋላ መልሶ ይንኳኳል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ቦል ጆይንት ላይ ግን አልደራደርም። እሱ ቢወልቅ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፣ መኪናውም ለመሪው አይታዘዝም።

ያገለገለ ዕቃ ሱማሌ ተራ ሞልቷል፣ ከሻርጃም ይመጣል። እዚህ ላይ ደንቡ ቀላል ነው፤ ብረት የሆነውን ግዙ፣ ላስቲክ ያለበትን ተዉት። ያልተጣመመ ብራቾ፣ ያልዛገ የብረት ሞላ፣ መያዣና ቅንፍ ጥሩ ግዢ ነው። ያገለገለ ሾክ፣ ቡሽ ወይም የአየር ከረጢት ግን ዕድሜው መኪናችሁ ላይ ካለው አሮጌ ዕቃ ጋር እኩያ ነው። የታጠበና ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጠርጥሩ።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ቡሽና ሊንክ በሻንጣ ለማስያዝ ይመቻሉ። ትንንሽ ናቸው፣ ዋጋቸውም ጀርመን ወይም አሜሪካ ባለ ሱቅ ግልጽ ነው። ሾክ ግን ውስጡ የታመቀ ጋዝ ስላለው አየር መንገዱ ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ። ዘመዳችሁ ኤርፖርት ላይ ዕቃውን ከሻንጣቸው አውጥተው እንዲጥሉ አታድርጓቸው።

በማንም በኩል ስታዙ የሻንሲ ቁጥሩን ላኩ። «የ2004 ኢ ክላስ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ ሞላው እንደ ሞተሩና መኪናው ላይ እንደተገጠሙት ተጨማሪ ዕቃዎች ክብደት ይለያያል። የመርሴዲስ ዕቃ ቁጥር ራሱ ይረዳችኋል። ኤ 211 ካለ በኋላ 32 ከመጣ የሞላና የሾክ ክፍል ነው፣ 33 የፊት አክስል፣ 35 የኋላ። ሻጩ የሰጣችሁ ቁጥር ከኤ 211 ቀጥሎ 35 እያለው «የፊት ነው» ካላችሁ ሳትከፍሉ ውጡ።

አየር ወይስ ሞላ?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ኤርማቲክ ኢ 500 ላይ ከፋብሪካው አብሮ ይመጣ ነበር፤ ሌሎቹ ላይ ተጨማሪ ተከፍሎበት ይገጠማል። ጤነኛ ሲሆን የሚስተካከለው የለም። አምስት ሰው ተጭኖ ሻንጣ ሞልቶም መኪናው ቁመቱን ይጠብቃል። ጎርፍ ወይም ረባዳ ሲያጋጥም መሃል ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭናችሁ ከፍ ታደርጉታላችሁ። ለአዲስ አበባ ክረምት ይህች ቁልፍ ብቻዋን ትልቅ ነገር ናት።

ችግሩ ላስቲኩ ነው። የአየር ከረጢቱ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከዓመታት በኋላ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ማታ መኪናውን ስታቆሙ ከፓራፋንጎው ጠርዝ እስከ ጎማው መሃል በሜትር ለኩና በአራቱም ጥግ ጻፉ። ጠዋት ሞተር ሳታስነሡ፣ በር ሳትከፍቱ እንደገና ለኩ። አንዱ ጥግ ብቻ ከወረደ የዚያ ጥግ ከረጢት ወይም የአየር ቱቦው መጋጠሚያ ነው። ሁለቱም ፊቶች እኩል ከወረዱ ቫልቭ ብሎኩንም (አየሩን ለየጥጉ የሚያከፋፍለውን) አስፈትሹ። ምንም ሳይወርድ ሲነሣ ብቻ ከዘገየ አየሩን የሚሞላው ኮምፕሬሰር ደክሟል። ከዚያ የሳሙና ውሃ እርጩበት። ቀዳዳው ካለበት ቦታ ነጭ አረፋ እየተነፋ ሲመጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ግን በክሪክ ብቻ ወይም በአየር ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። አየሩ ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል።

የሚያስተነፍስ ከረጢት ይዞ መንዳት ነገሩን ያባብሰዋል። ኮምፕሬሰሩ የሚያመልጠውን አየር ለመተካት ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ያኔ አንድ ሂሳብ የነበረው ሁለት ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ያንኑ ግፊት ለመሙላት ኮምፕሬሰሩ ከቆላው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይሠራል። ከረጢቱ ሲቀየር የኮምፕሬሰሩም ሪሌይ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራለትና የሚያጠፋለት) አብሮ ይቀየር፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ወደ ብረት ሞላ መቀየር ሁለተኛው መንገድ ነው። ማንኛውም መካኒክ ይሠራዋል፣ ወደፊትም የምትገዙት ሾክ ብቻ ነው። የምታጡት ደግሞ ይህ ነው፦ ቁመት ማስተካከያው ይቀራል፣ በቁልፍ የሚለዋወጠው የሾክ ጥንካሬ ይቀራል፣ ኮምፒውተሩ በአግባቡ ካልተነገረው ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያው እየበራ ይኖራል። ርካሽ ኪት ከሆነ ሞላው ለመኪናው ክብደት ላይመጥን ይችላል፤ ፊቱ ቀና ብሎ፣ ኋላው ወርዶ የሚሄድ ኢ ክላስ አይታችሁ ይሆናል።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምወስነው። የተበላሸው አንድ ወይም ሁለት ጥግ ከሆነ፣ መኪናውንም ለረጅም ጊዜ የምትይዙት ከሆነ፣ አየሩን ጠግኑ። እንደ አሜሪካው አርኖት ያሉ ድርጅቶች ከኦሪጂናሉ የሚረክስ አዲስ ከረጢት ያለው ስትራት (ከረጢቱና ሾኩ አንድ ላይ የተሠሩበት) ይሸጣሉ። አራቱም ጥግ፣ ኮምፕሬሰሩና ቫልቩ ባንድ ላይ ከሄዱ ግን ጥሩ የሞላ ኪት ያዋጣል። ስም የለሽ ርካሽ የአየር ስትራት ከሁለቱም የከፋ ምርጫ ነው። ኤስ ክላስ የምታዩ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር አጣሩ፤ ደብልዩ 220 ላይ ከኤርማቲክ ሌላ ኤቢሲ የሚባል በዘይት ግፊት የሚሠራ እግር አለ። የእሱ ዕቃም ሆነ ጥገና ፈጽሞ ሌላ ነው።

ገንዘቡ ካጠረ

ሁሉንም ባንዴ መቀየር ካልተቻለ ከቦል ጆይንት ጀምሩ፤ እሱ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ቀጥሎ የፊት ቡሽ፣ ቀጥሎ ሾክ። ሾክ፣ ሞላና ቡሽ የግራና የቀኙ አብሮ ይቀየራል፣ ያንዱን ብቻ መቀየር መኪናውን ወደ ጎን ያስጎትተዋል። ደብልዩ 124 ላይ ሞላው የሚቀመጥበትን የላስቲክ ቀለበትም እዩት። ጠርዙ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሉ፤ በጣት ቁጠሯቸው። ሲበዙ ላስቲኩ ወፍራም ነው ማለት ነው፣ የምትገዙት ያው ቁጥር ይሁን።

ሲገጠም ዓይናችሁን ከአንድ ነገር ላይ አታንሱ። የብራቾው ቡሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቁት መኪናው ሲወርድ የቡሹ ላስቲክ እንደተጠማዘዘ ይቀራል። ሌምፎርደርም ቢሆን በጥቂት ወራት ይቀደዳል፣ ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነበር» ይባላል።

በመጨረሻ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል)። ባላንስ (የጎማውን ክብደት ማመጣጠን) ብቻ ሠርተው «አላይመንቱም ሆኗል» ካሏችሁ ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር የያዘ ወረቀት ጠይቁ። ማሽን ካላቸው ያትሙላችኋል።