ከጅማ መርካቶ የገዛሁት የላባ ጃኬት በካናዳ ብርድ

ባለፈው ጥር በካናዳ አልበርታ ግዛት ወደሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ለመሄድ ስዘጋጅ፣ ለተራራ ጉዞ የሚሆነኝን ልብስ የገዛሁት እዚሁ ጅማ መርካቶ ከሚገኝ አንድ የሰልባጅ ሱቅ ነበር። ከከተማችን ወደ ብርድ አገር ለትምህርትም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ስላሉ፣ ዕቃዎቹ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ብርድ ውስጥ እንዴት እንዳገለገሉኝ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የሱቁ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ሲሆኑ፣ ከቦንዳ የወጣውን ልብስ የሚለዩበት ችሎታ እጅግ የሚደነቅ ነው። ጃኬቱን በጭብጣቸው ጨምቀው ለቀቁትና «ልጄ፣ ላባ ከሆነ ቀስ እያለ ይነፋል፤ ሌላ ከሆነ ተጨማድዶ ይቀራል» አሉኝ። ለዚያ የዳክዬ ላባ ጃኬት የከፈልኩት 2,500 ብር ነው።

የተጓዝነው ሌክ ሉዊዝ በተባለው ሐይቅ አካባቢ ነው። ሐይቁም ጅማም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ጥቂት ከፍ ብለው የሚገኙ ናቸው፤ ሆኖም ያ ስፍራ ከምድር ወገብ እጅግ ስለሚርቅ፣ የደጋ ብርድ የለመደ ሰው እንኳ በልማዱ ሊተማመን አይገባውም። እኛ በረዶ የምንለው ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር ሲሆን፣ የዚያኛው ግን እንደ ዱቄት የላላ በመሆኑ የሰው እግር እስከ ጉልበት ይሰምጥበታል። ስለዚህ ከጫማችን በታች የሚታሰር፣ የሰውነትን ክብደት በሰፊው የሚያከፋፍልና ለዳገት የሚሆኑ የብረት ጥርሶች ያሉት የበረዶ ጫማ እዚያው ተከራየን።

ጃኬቱ ከጠበቅሁት በላይ ሆነልኝ። ላባው አየር አምቆ ሙቀትን ስለሚይዝ፣ ቆመን ከፔርሙስ የጅማ ቡና ስንጠጣ ብርዱ ደረቴን አልነካውም። በዳገት ላይ ግን ላባ በላብ ከራሰ ተጣብቆ ሙቀት መያዝ ስለሚያቆም፣ ወንድሜ እየተቆጣ ያስወልቀኝ ነበር።

ከዚያው ሱቅ የገዛኋቸው የጥጥ ካናቴራና የጥጥ ካልሲዎች ግን ለዚህ ጉዞ ፈጽሞ አይሆኑም። ጥጥ ላብን መጥጦ ስለሚይዝ፣ ባረፍን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጀርባዬ እንደ ብረት ቀዘቀዘ። ለጅማ ሌሊት የሚበቃን ጋቢም ጥጥ ነውና፣ ከጃኬት ሥር ደርቤው እሄዳለሁ የሚል ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ እመክራለሁ፤ ከሰውነት ጋር የሚነካካው ልብስ ሱፍ መሆን አለበት።

ከሁሉ የከፋው ቡትስ ጫማው ነበር። ልክ በእግሬ መጠን ስለተሸጠልኝ፣ ሁለት ካልሲ ሲደረብበት ጠበበና ደም እንደልብ እንዳይዘዋወር አደረገ። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ የቀኝ እግሬ ጣቶች ነጥተው መሰማት አቆሙ፤ ወንድሜ ጫማዬን አውልቆ እግሬን በልብሱ ሥር ከሆዱ ጋር አጣብቆ እስኪሞቅ ድረስ ያዘልኝና ጉዞውን አቋርጠን ተመለስን። ባለሱቋ ለምን ዓይነት ጉዞ እንደምፈልገው ቢጠይቁኝ ኖሮ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ በገዛሁ ነበር፤ ለጃኬቱ ያሳዩትን ጥንቃቄ ለጫማው አለማሳየታቸው አሳዝኖኛል።

ተመልሼ ይህንኑ በአክብሮት ነገርኳቸው። በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ ጫማውን ተቀብለው፣ በዋጋው ልክ ሁለት የሱፍ ሹራብ መርጠው ሰጡኝ።