እንግዳ ይዞ የት ይኬዳል? አራት የለንደን ፐቦች ጎን ለጎን

ከአዲስ አበባ ዘመድ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። "እስቲ ትክክለኛውን የእንግሊዝ ፐብ አሳየን።" ለንደን ውስጥ ፐብ ሞልቷል። ዝም ተብሎ ከተገባ ግን ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅሎ ኳስ የሚያሳይ፣ ሙዚቃው ጆሮ የሚበጥስ ቤት ሊያጋጥም ይችላል። እንግዳችሁ "ይሄማ ቦሌም አለ" ብሎ ይወጣል። እኔም ደርሶብኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የሄድኩባቸውን አራት የድሮ ቤቶች ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

ቤቶቹ ዘ ጆርጅ ኢን፣ ዪ ኦልድ ቺሽየር ቺዝ፣ ዘ ብላክ ፍራያር እና ዘ ፕሪንሰስ ሉዊዝ ናቸው። አራቱም መሃል ለንደን ናቸው። ከ10 ነጥብ ሰጥቻቸዋለሁ። ዋናው ሚዛኔ አንድ ነው፤ ቁጭ ብሎ ለመጫወት ይመቻል ወይ? ፐብ ማለት የሕዝብ ቤት ማለት ነው። ጠጅ ቤት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ብርሌው ሰበብ ነው፤ ሰው የሚሄደው ጨዋታውን ብሎ ነው። መደማመጥ ያልተቻለበት ቤት የፈለገውን ያህል ዕድሜ ቢቆጥር ነጥቡ ይወርዳል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ግን ደንቡን ልንገራችሁ

ፐብ የገባሁ የመጀመሪያ ቀን ጠረጴዛ ይዤ አስተናጋጅ ስጠብቅ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ማንም አልመጣም። የተናቅሁ መስሎኝ በጣም ከፍቶኝ ወጣሁ። ደንቡን ያወቅሁት በኋላ ነው። መጠጥ የሚታዘዘው ባንኮኒው ጋ ሄዶ ነው። ሂሳቡም እዚያው ይከፈላል፣ ብርጭቆውን ራስ ይዞ መመለስ ነው። እንግዳችሁ እንደኔ እንዳይከፋው ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

አከፋፈሉም ይለያል። እኛ መጨረሻ ላይ "እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል" እያልን እንታገላለን። እዚህ በተራ ነው። አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ሲያልቅ ሌላው ይነሳል። "ራውንድ" ይሉታል። ተራውን የዘለለ ሰው ይታወቅበታል። ስለዚህ ስምንት ሰው ሆናችሁ ከሄዳችሁ ለሁለት ተከፈሉ፤ አለዚያ ስምንት ብርጭቆ ሊጠብቃችሁ ነው።

አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው። ለመቅመስ ያህል ከሆነ ግማሹን ማዘዝ ማንንም አያስገርምም። ባህላዊው ቢራ "ካስክ ኤል" ይባላል። በርሜሉ ውስጥ እርሾው ሕያው እንደሆነ ይቀመጣል፣ ጋዝ ሳይጨመርበት በእጅ በሚሳብ ፓምፕ ከምድር ቤት ይወጣል። ሙቀቱ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀዝቃዛ ድራፍት የለመደ ሰው "ይሄ ቢራ ሞቋል" ብሎ ሊመልሰው ይችላል። አልሞቀም፤ እንዲያ ነው የሚጠጣው። ጠላ ያደገበት ሰው ግን ፈጥኖ ይወደዋል። ቀዝቃዛ የሚፈልግ ላገር የሚባለውን ቀዝቅዞ የሚቀርብ ቢራ ይዘዝ። አልኮል የማይጠጣም ሰው አይሳቀቅ፤ ለስላሳውም አልኮል የሌለው ቢራም አለ፣ የቧንቧ ውሃም ከጠየቃችሁ በነጻ ነው።

ዘ ጆርጅ ኢን፦ ሰው ለሚበዛበት ጉዞ

ከለንደን ብሪጅ ጣቢያ ወጥታችሁ ቦሮ ሃይ ስትሪትን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ስትራመዱ በግራ በኩል ጠባብ መግቢያ አለች። ገባ ስትሉ ሰፊ ግቢ ይቀበላችኋል። ከጎኑ ነጭና ጥቁር የተቀባ፣ የእንጨት ሰገነት የተዘረጋለት ረጅም ቤት ታያላችሁ። ዱሮ ሠረገላ የሚቆምበት የመንገደኛ ማረፊያ ነበር። በ1676 ሳውዝዋርክ በሚባለው በዚሁ ሰፈር የተነሳው እሳት አወደመው፣ በዓመቱ እንደገና ተሠራ። እንዲህ ያለ ሰገነት ያለው የሠረገላ ማረፊያ ለንደን ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ግቢውን በሦስት በኩል ከቦት ነበር፤ በ1889 የባቡር ኩባንያው ሁለቱን ወገን አፈረሰው። የተረፈው ወገን ከ1937 ጀምሮ ቅርስ በሚጠብቀው ድርጅት፣ በናሽናል ትረስት እጅ ነው።

ጥሩነቱ ግቢው ነው። ልጅ የያዘ፣ ሽማግሌ የያዘ፣ አሥር ሆኖ የመጣ ሁሉ ቦታ ያገኛል። ከጎኑ ያለው ቦሮ ማርኬትም ለእንግዳ የሚታይ ነው። ችግሩ ሥራ ሲወጣ ነው። በተለይ ሐሙስና ዓርብ ማታ ግቢው በቢሮ ሠራተኞች ይሞላና መቆሚያ ይጠፋል። ከምሳ በኋላ ባለው ጊዜ ሂዱ። 8 ሰጥቼዋለሁ። ማታ ቢሆን 6 ነበር የምሰጠው።

ዪ ኦልድ ቺሽየር ቺዝ፦ ለታሪክ ወዳድ

ፍሊት ስትሪት የጋዜጦች መንደር ነበር። ይህ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በአንዲት ቀጭን መተላለፊያ ውስጥ ነው ያለው። ለንደንን ካቃጠለው የ1666ቱ ታላቅ እሳት በኋላ በ1667 ተሠራ። በሩ ጎን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የነገሡት ነገሥታት ስም ተዘርዝሯል። ውስጡ ጨለማ ነው። በጠራራ ፀሐይ ብትገቡም ዓይናችሁ እስኪለምድ ትንሽ ትቆማላችሁ። ክፍሎቹ ትናንሽ ናቸው። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ወደታች በወረዳችሁ ቁጥር ሌላ ክፍል ይመጣል። ክረምት ላይ ምድጃው ሲነድድ ከዚህ ቤት የሚያስወጣ ነገር የለም።

አንዲት ፖሊ የምትባል በቀቀን እዚህ ትኖር ነበር። በ1926 ስትሞት ጋዜጦች እንደ ትልቅ ሰው ዜና ዕረፍቷን አወጡላት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚስበኝ ግን ጎረቤቱ ነው። ሁለት ደቂቃ በእግር ከሄዳችሁ ጎፍ ስኩዌር የሚባል አደባባይ ላይ የሳሙኤል ጆንሰን ቤት አለ። በ1755 ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሰውዬ ነው። ያው ሰው በወጣትነቱ አንድ ፖርቱጋላዊ ሚሲዮናዊ ስለ ሀገራችን የጻፈውን የጉዞ ማስታወሻ ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። በ1759 ደግሞ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ጽፏል። ሀገራችንን በዓይኑ አላያትም። ጆንሰን ቺሽየር ቺዝ ይመላለስ ነበር ይባላል፤ በጽሑፍ የቀረ ማስረጃ ግን የለም። ቢሆንም ከኢትዮጵያ የመጣ እንግዳ ይዤ መጀመሪያ ቤቱን አሳይቼ ከዚያ ወደ ፐቡ ስገባ፣ ጨዋታው ራሱ በራሱ ይጀምራል።

ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን አልመክርም። ቱሪስትም ይበዛዋል። 7፤ ክረምት ላይ፣ ምድጃው አጠገብ ቦታ ከተገኘ 8።

ዘ ብላክ ፍራያር፦ ለዓይን

ብላክፍራያርስ ጣቢያ ፊት ለፊት እንደ ኬክ ቁራሽ ሹል ሆኖ የቆመ ሕንፃ ነው። ቦታው የዶሚኒካን መነኮሳት ገዳም ነበር። ብላክፍራያርስ ማለት ጥቁር መነኮሳት ነው፤ ጥቁር ካባቸው ነው ለሰፈሩ ስም የሰጠው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1538 ገዳሙን አዘጋው። ፐቡ የተሠራው ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1870ዎቹ ነው። በ1905 ገደማ ኸርበርት ፉለር ክላርክ የተባለ አርክቴክት ውስጡን እንደገና አስጌጠው። እብነ በረድ፣ ሞዛይክ፣ ከመዳብ የተቀረጹ መነኮሳት፤ የሚዘምሩ፣ ወይን የሚለቅሙ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ። በ1960ዎቹ ሊፈርስ ሲል ባለቅኔው ጆን ቤትጄማን እና ሌሎች ተሟግተው አተረፉት። እሰይ!

ከሥዕሎቹ አንዱ ላይ መነኮሳቱ ዓሣ ሲይዙ ይታያል፤ ጽሑፉ "ነገ ዓርብ ነው" ይላል። አክስቴን ይዣት ሄጄ ተረጎምኩላት። ማብራሪያ አላስፈለጋትም። "ለካ እነሱም ለዓርብ ያስባሉ" ብላ ቆማ አየችው። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ጾም ካነሳን አይቀር፣ ይህ ለአራቱም ቤቶች ነው። የእንግሊዝ ፐብ ምግብ ለጾመኛ ወጥመድ አለው። አንዳንድ ቤት ቺፑን፣ ማለትም የድንች ጥብሱን፣ በከብት ስብ ነው የሚጠብሰው። ፓይ የሚባለው በሊጥ የተሸፈነ ምግብ ውስጡ አትክልት ቢሆንም ሊጡ ቅቤ ወይም ስብ ሊኖረው ይችላል። ቪጋን (ከእንስሳት የተገኘ ነገር የሌለበት) የሚለውን እዘዙ፣ ዘይቱንም ጠይቁ።

ወደ ብላክ ፍራያር ልመለስ። በውበት ከአራቱ አንደኛ ነው። ለመቀመጥ ግን ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ሥር ድምፅ ይጋጫል። ማታ ብትሄዱ ቅርጹን የምታዩት በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርታችሁ ነው። ጠዋት እንደተከፈተ ግቡ። 7 ከግማሽ።

ዘ ፕሪንሰስ ሉዊዝ፦ ለሁለት ሰው ጨዋታ

ሆልበርን ጣቢያ አጠገብ ነው። ከውጭ ብዙም አይጠራም፤ ሰው አልፎት ይሄዳል። ቤቱ የ1872 ነው፣ የዛሬው ጌጡ የ1891። ገብታችሁ ቀና ስትሉ የተቀረጸ መስታወት፣ ባለ ቀለም ሸክላ ንጣፍ፣ ጥቁር ቡናማ እንጨት ዙሪያችሁን ይከባል። ባንኮኒው መሃል ላይ ነው። ዙሪያው በእንጨትና በመስታወት ግድግዳ ወደ ትናንሽ ክፍሎች ተከፍሏል። በቪክቶሪያ ዘመን ባለጸጋውና ሠራተኛው እንዳይተያዩ ተብሎ ነው እንዲህ የሚከፈለው። ክፍፍሉ በኋላ ፈርሶ ነበር፣ በ2008 ገደማ በጥንቃቄ ተመለሰ። የወንዶቹ መጸዳጃ እንኳ እብነ በረድ ነው፣ በቅርስነት የተጠበቀ።

ያ የመደብ ክፍፍል ዛሬ ለእኛ ሌላ ጥቅም ሰጥቷል። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ አንዷን ክፍል ከያዛችሁ የራሳችሁ ሳሎን ናት። የሌላው ወሬ አይረብሻችሁም።

ይህም ቤት ቺሽየር ቺዝም የሳሙኤል ስሚዝ ናቸው። በዮርክሸር፣ ታድካስተር የሚገኝ፣ ከ1758 ጀምሮ የቆየ ጠማቂ ነው። በቤቶቹ ሙዚቃ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። በ2019 ስልክ መነካካትንም ከልክሏል። ቪዲዮ ኮል ማድረግ ለሚወድ እንግዳ ይህ ይከብዳል፤ ወጣ ብሎ ያውራ። እኔ ግን ደንቡን ወድጄዋለሁ። ዘመድ ስንት ዓመት ቆይቶ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሁለታችንም ስልክ ላይ ስናጎነብስ ያመኛል። እዚህ ቤት ሰው ዓይን ለዓይን ይተያያል። የሚሸጠው የራሱን ምርት ብቻ ነው፤ የለመዳችሁትን የቢራ ስም አትጠይቁ። 9 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ነጥብ የቀነስኩት ብዙ ሰው ስለማይችል ነው።

ሞልቶ ካገኛችሁት አትመለሱ። ወደ ላምስ ኮንዲዊት ስትሪት በእግር ሂዱ። ዘ ላምብ የሚባል ቤት አለ። ባንኮኒው ላይ በፊት ቁመት የሚሽከረከሩ ትናንሽ መስታወቶች አሉት፤ ጠጪው አሳላፊው እንዳያየው የሚዘጋቸው ነበሩ። አሁን ጥቂት ፐብ ነው እነዚህን የያዘው።

እንግዲህ ምረጡ። ቤተሰብ ተሰብስቦ ከመጣ ጆርጅ። ታሪክ የሚወድ አጎት ከሆነ ቺሽየር ቺዝ። ፎቶ የምትወድ እህት ከሆነች ብላክ ፍራያር፤ ከዚያ ቺሽየር ቺዝ በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ያላያችሁት ጓደኛ ከሆነ ያለ ጥርጥር ፕሪንሰስ ሉዊዝ። በፍሊት ስትሪት አካባቢ ያሉ ቤቶች ቢሮ ሲዘጋ አብረው ስለሚቀዘቅዙ ለቅዳሜና እሁድ አስቀድማችሁ ሰዓታቸውን አጣሩ። ወጣት የያዛችሁም መታወቂያውን ይያዝ፤ 25 ዓመት ያልሞላው የሚመስል ሁሉ ይጠየቃል።