ባለ 12 የውሃ ቀለም፦ ለእንቁጣጣሽ ከልጆቼ ጋር ሞከርነው

እንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ትልቁ ልጄ «ዘንድሮ ራሴ ሥዬ ነው የማዞረው» አለኝ። ሰባት ዓመቱ ነው። አምና ከመንገድ የታተመ ሥዕል ገዝቼለት ነበር፤ ጎረቤት ብር ሲሰጠው እንኳ ብዙም ደስ አላለውም። ፒያሳ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለ 12 የውሃ ቀለም በ350 ብር ገዛሁ። በውሃ እያራሱ የሚቀቡት፣ ደረቅና ክብ ክብ ቀለም ነው። ክዳኑ ውስጥ ብሩሽ አለው።

ቀዩና ሰማያዊው ግሩም ናቸው። ውሃ ሲነካቸው ወዲያው ይሟሟሉ፤ ደርቀውም አይደበዝዙም። አረንጓዴውም ጥሩ ነው። ችግሩ ቢጫው ላይ ነው። አደይ አበባ ያለ ቢጫ እንዴት ይሳላል? ሦስት ጊዜ ደራርበን ቀብተነው እንኳ የቀጠነ ሻይ መሰለ። ብሩሹም ፀጉሩ እየተነቀለ ሥዕሉ ላይ ይቀራል፤ ሌላ ለብቻው ግዙ።

ከቀለሙ በላይ ግን ልዩነት ያመጣው ወረቀቱ ነው። መጀመሪያ የሰጠኋቸው ስሱን፣ ባለ 80 ግራሙን (አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም የሚመዝነውን) የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነበር። ውሃ ሲነካው ተጨማደደ። የአራት ዓመቷ ልጄ አንዱን ቦታ ደጋግማ ስታሸው ተቀደደባትና አለቀሰች። በማግስቱ ወፍራሙን፣ ባለ 300 ግራሙን የውሃ ቀለም ወረቀት አመጣሁ። ውድ ነው፤ ግን አንዱን ሉክ ለአራት ቆርጬ አብቃቃሁት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ለቅሶ የለም።

ለእሷ ደግሞ ሌላ ነገር ሞከርን። መብራት ሲጠፋ ከምናበራው ሻማ ስባሪ ወስጄ ነጩ ወረቀት ላይ አበባ ሣልኩላት። ምንም አይታይም። «በይ ሰማያዊ ቀቢበት» አልኳት። ሰም ውሃ አይቀበልምና አበባው ነጭ ሆኖ ብቅ አለ። ጮኸች! «እማ፣ ማን ሣለው?» እያለች ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ያን ቀን ስምንት ወረቀት ጨረስን፤ እራትም ዘገየ። ምንም አልቆጨኝም።

ልብስ ላይ የፈሰሰው በሳሙና ለቋል። ሰማያዊው ብቻ ነጭ ሹራቧ ላይ ትንሽ ምልክት ትቷል፤ አሮጌ ልብስ አልብሷቸው።

ልጄ 14 ሥዕል ሠርቶ 13ቱን አዞረ። አንዷን እህቱ «የኔ ናት» ብላ አልሰጥም አለች፤ ፍሪጁ ላይ ለጥፈናታል። ለገና ይህንኑ ሣጥን ደግሜ እገዛለሁ። ቢጫውን ግን በጠርሙስ ከሚሸጠው ፖስተር ከለር እወስዳለሁ፤ እሱ ወፍራም ስለሆነ ወረቀቱን ይሸፍናል።