ላብራዶር ለልጆች፦ ቡችላ ይሻላል ያደገ?

ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያለችው እህቴ ለልጆቿ ላብራዶር የሚባል ዝርያ ውሻ ልታመጣ ነው። ቡችላ ይሁን ያደገ ብላ ጠየቀችኝ።

ቡችላው ያሳሳል፣ እሱስ አይካድም። ጥርሱ ግን መርፌ ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ጥርስ ሲቀይር ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፤ የኛዋ ቡችላ የልጄን ነጠላ ጫማ ይዛ ስትሮጥ እሱ እያለቀሰ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞሯል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አብዛኛውን ጊዜ 3 ወር ሲሞላው ነው የሚጀመረው።

ያደገው ጠባዩ ይታወቃል። ከልጆች ጋር የኖረ ከሆነ ሳላመነታ እሱን እመርጣለሁ። ችግሩ ጉልበቱ ነው፤ ወንዱ ከ29 እስከ 36 ኪሎ ይመዝናል፣ በደስታ ዘሎ ሲቀበል የ4 ዓመት ልጅ ይዘርራል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ውሻው በማሰሪያ ይያዝ፣ ልጁ ቁጭ ይበል፣ ውሻው ራሱ መጥቶ ያሽትተው። ከዚያ ደረቱን ይደባብሰው፣ አናቱን ከላይ አይንካ። ሲበላ ማንም አይጠጋው። ደግሞ የኛ የጎንደር ልጅ ውሻ ሲያይ ቀድሞ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ነው የሚፈልገው፣ እሱን ልማድ ውሻው ሳይመጣ አስተዉት።

የክትባት ወረቀት የሌለው ግን ቡችላም ይሁን ያደገ ከበር አይለፍ።